ሳይጽፍ «ተቀምጧል» የሚል ማሽን

የጋዜጣችን ቢሮ ካዛንቺስ ነው፤ መስኮቱ ወደ ፈረሰው ሰፈር ያያል። የዚያን ሰፈር ሰዎች ሳይነሡ በፊት በየበራቸው ቆሜ ድምፃቸውን ቀድቻለሁ። ዛሬ ብዙዎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። ድምፃቸው ያለው በአንድ መቅረጫ ውስጥ ብቻ ነበር፤ መቅረጫው ደግሞ የሁላችንም ነው። ልማዳችን የቀዳነውን ወደ ሰርቨሩ፣ ፋይሎቻችን ሁሉ ወደሚቀመጡበት የጋራ ኮምፒውተር፣ ገልብጠን «ተቀምጧል» ሲለን መቅረጫው ላይ ያለውን ደምስሰን ለተረኛ ማስረከብ ነው።

ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል፣ የዩኒክስ ዘመድ በሆነ ሥርዓት ነው። ይንቀራፈፋል። የኮምፒውተር ባለሙያችን አንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬን ተደግፎ መላ ማግኘቱን ነገረኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ሁሉ ነገር ዲስክ ላይ እስኪጻፍ ይጠብቃል። ያን ላጠፋው ነው። ሚሞሪ ላይ ይይዝና በኋላ ይጽፈዋል። በቃ፣ እንደ ወፍ ይበራል!»

«‹ተቀምጧል› የሚለው መቼ ነው?»

«ወዲያው።»

«ሳይጻፍ?»

«ማለቴ... ለጥቂት ሰከንድ እኮ ነው።»

«በዚያች ሰከንድ መብራት ቢሄድስ? ሚሞሪ ላይ ያለው አብሮ አይጠፋም?»

«ለሰርቨሩ ባትሪ አለን! እርስዎ ደግሞ!»

ባትሪውን ለማየት ሄድኩ። የሻይ ውሃ ማፍያው ተሰክቶበታል። መብራት ሲሄድ ሻይ እንዳይቀርብን ራሳችን የሰካነው ነው። ማፍያው ከበራ ባትሪው ሰርቨሩንም እሱንም አይችልም። ባለሙያው ነቀለው። ዞር ከማለታችን አንዱ መልሶ ሰካው።

«የእኔን ፋይሎች በድሮው መንገድ ተወው» አልኩት ባለሙያውን።

መገልበጥ ጀመርኩ፤ እንደ ወትሮው ይንቀራፈፋል። መቅረጫውን የምትረከበው ተረኛ ባልደረባዬ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው! መግለጫው ሊጀመር ነው!»

«በስልክሽ ቅጂው።»

«በእውነት አርጅተዋል!»

«አርጅቻለሁ። መቅረጫውን ግን አልሰጥም።»

አለቃችን ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። «ሰው ሁሉ በፈጣኑ እየሠራ አንተ ብቻ?»

«መግለጫ ሰጪው ነገም ይናገራል። እነዚህ ድምፆች ግን አይደገሙም።»

ባልደረባዬ በሩን አላትማ ወጣች። መብራትም አልሄደም፤ ባለሙያው እየሳቀ ይህንኑ ነገረኝ። አለመሄዱን አይቻለሁ፣ አልኩት። መገልበጡ ሲጓተት የጋዜጣው ገጽ ያለ እኔ ጽሑፍ ተዘጋ። ይዘጋ።

የመጨረሻው ፋይል ሲገባ ከሰርቨሩ ከፍቼ አዳመጥኩት። የአንዲት እናት ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር በደንብ ይይዛል?»

«ይይዛል፣ እማማ» ይላል የእኔ ድምፅ።

እስከ መጨረሻው ሰማሁና መቅረጫው ላይ ያለውን ደመሰስኩ።