እግሩ የእኔ ነው

ወንድሜ አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ በበዓል ቀን እንኳ ሱቁን የማይዘጋ ሰው ነው። ታዲያ ከሐኪሙ ክፍል ብቻውን ወጥቶ «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ቁስል ናት። ይልቅ ቅዳሜ ላንጋኖ ሄደን እንዝናና» ሲለኝ ጉዴ እንደፈላ ገባኝ።

ውስጥ እግሬ ላይ ጥቁር ነገር ከወጣ ቆይቷል። አርሲ ነገሌ እህል ገበያ ስመላለስ ጫማ የመታኝ መስሎኝ ነበር። ጫማ ቀየርኩ፤ እሱ ግን እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሙ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ነርሷ የጠራችው እኔን ሳይሆን ቤተሰቤን ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ደግሞ ፈገግ ብሎ ይዋሻል። ነጋዴ ነኝ፣ ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። በጣም ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ ላንጋኖ ብቻህን ሂድ» ብዬው በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ወጣቱ ሐኪም ደነገጠ። «ለቤተሰብዎ አስረድቻለሁ» አለኝ።

«እግሩ የእኔ ነው፤ ለእኔ ያስረዱኝ።»

ተከትሎኝ የገባውን ወንድሜን አየት አደረገ። «እሱን አይዩት» አልኩ። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ቆዳ ላይ የሚወጣ ሁሉ አንድ አይደለም አለኝ፤ ከቆዳው እኩል የተኛ ነጥብ አለ፣ እብጠት አለ፣ ውሃ የቋጠረ አለ፣ የሚቆስል አለ። ትንሽ ሆኖ ሳይለወጥ የሚኖር ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። የእኔ ግን ዳሩ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ነበር። «መጠኑስ?» ስለው እያየሁ በማስመሪያ ለካው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ስሙንም ነገረኝ፣ የቆዳ ካንሰር ነው። «ታዲያ ምን ይደረጋል?» አልኩት።

«ዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ተቆርጦ ይወጣል» አለ።

ወንድሜ «እስቲ መጀመሪያ ቤተሰብ ይምከርበት፣ ይጸለይበት» አለ።

«ጸልዩልኝ» አልኩት። «ዶክተር፣ አልጋ መቼ ይገኛል?»

ተቆርጦ ወጥቶልኝ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እያነከስኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ምን ሆኜ እንደነበር ወንድሜን ጠየቁት። «ትንሽ ቁስል ነበረች» አላቸው።

«ካንሰር ነበር» አልኩ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ ለልጆቻቸው ያልነገሩት እብጠት ብብታቸው ስር እንዳለ ነገሩኝ።

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው። «ሐኪሙን የሚጠይቁት ግን እርስዎ ነዎት።»