ይሰማኛል

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። አለቃችን ወይዘሮ አልማዝ ቀለበቴንና ሰዓቴን አስወለቁኝ፤ ዥንጉርጉር ሸሚዜንም በጥቁር አስቀየሩኝ። እዚህ የሚታየው እጅ ብቻ ነው አሉኝ። ቅር አለኝ፤ መታየት እወድ ነበር።

ሥራው በጥንድ ነው። አንዱ ሃያ ደቂቃ ያስተረጉማል፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሳተውን በምልክት ያርመዋል። ከዚያ ይቀያየራሉ።

ለዓመታት ዘፈን ሲመጣ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ብሌን እስክትቀጠር። ብሌን ቂርቆስ ያደገች፣ እናትና አባቷ መስማት የተሳናቸው ልጅ ናት። እኔ ሁለት ዓመት በማታ ትምህርት የለፋሁበትን ቋንቋ እሷ እቤቷ አፍ ፈታችበት። እሷ ስታስተረጉም ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እንባ ያቀራሉ። እኔን በጨዋነት ያዩኛል። ቀናሁባት፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሰላምታዋን እንኳ በግማሽ አፍ ነበር የምመልሰው።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለሳምንታዊ የሙዚቃ ፕሮግራም አስተርጓሚ ፈለገ። ወይዘሮ አልማዝ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በተጋበዙበት ዝግጅት ላይ ሁለታችንንም ለፈተና መደቡን። ቦታውን ከማንም በላይ ፈልጌው ነበር።

የዘፈኑ አዝማች «ዝም ብትዪም ይሰማኛል» ይላል። በተራዬ ለ«ዝም» ጣቴን ከንፈሬ ላይ፣ ለ«ይሰማኛል» ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ብሌን መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ገባኝ። የሚሰማው ድምፅ ሳይሆን ስሜት ነው ማለቷ ነበር፤ ልክም ነበረች። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስቱንም ጊዜ አየኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮዬን አሳየሁ። ከእሷ እርማት መቀበል ሞት መሰለኝ።

ሲያበቃ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ መጡ። ሜክሲኮ አካባቢ ልብስ የሚሰፉ፣ ለዓመታት ያስተረጎምኩላቸው ሰው ናቸው። በእጃቸው ዘፋኙ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ደግሜ ጆሮዬን አሳየኋቸው።

«ይሄማ የእናንተ፣ የምትሰሙት ሰዎች ዘፈን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ብሌንን ጠየቋት። መዳፏን ደረቷ ላይ ስታደርግ አይተው ወደ ሚስታቸው ዞሩና ያንኑ ምልክት ለሚስታቸው አሳዩ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፕሮግራሙ ለብሌን ተሰጠ። ወይዘሮ አልማዝ እርማቱን ለምን እንዳልተቀበልኩ ሲጠይቁኝ አላየሁትም አልኩ። ብሌን አጠገባችን ቆማ ነበር።

«መብራቱ ዓይን ያጥበረብር ነበር፤ ጋሼ አላዩኝም» አለች ወደ እኔ እያየች።

መብራቱ ደህና ነበር። ሸፈነችልኝ፤ እኔ ግን ቅናቱ ጭራሽ ባሰብኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወደ ሥራው ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ሲያርማችሁ ተቀበሉ። የምትቀኑበት ሰው ከሆነ ቶሎ ተቀበሉ።