ዶክተር ያሉኝ ሰሞን

የያዙኝ ከግቢያችን ቤተ መጻሕፍት ስወጣ ነው። ተማሪው ትምህርት ካቆመ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። እኔ ሰልፍ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም ያችው አንድ ቀን ፎቶ ላይ አስቀርታኛለች። ሁለት ፖሊሶች መሃላቸው አድርገው ወደ መኪናው ወሰዱኝ። አንደኛው ደብተሬን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና የቫይታሚን ዝርዝር ብቻ ሲያይ መለሰልኝ።

"ዝም ብለሽ ብትማሪ ምን ነበረበት?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የታላቅ ወንድም ምክር ይመስል ነበር።

ያስገቡኝ መቱ ውስጥ፣ ከአንድ ጣቢያ ጀርባ ያለ የቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተዋል። ዝናብ ሲጥል ወለሉ ይረጥብና ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ ሳይጥል የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ቦታ ለቀቁልኝና ከብርድ ልብሳቸው ጫፍ አካፈሉኝ።

"ምንድን ነው የምትማሪው?" አለችኝ አንዷ፣ ጸጉር ሠሪ ናት።

"ሥነ ምግብ።"

"ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነዋ!"

ሁሉም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሳቅ የሚችል አንጀት አልነበረኝም።

"ሕክምና ነው" አልኩ። "እኛ በሽተኛ የምናክመው በምግብ ነው።"

ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድም በሽተኛ አክሜ አላውቅም።

የጸጉር ሠሪዋ ድድ ይደማ ነበር። ሎሚ እንዲያመጡላት ነገርኳት፤ በሳምንቱ ደሙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም፤ ዶክተር ሆንኩ። ጨጓራ ያመማት፣ ራሷን ያዞራት ሁሉ ወደኔ ትመጣለች። የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የማላውቀውንም በዚያው ድምፅ እነግራታለሁ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ነበሩ፤ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲያ ብለን ነው። ጎሬ ላይ የሸቀጥ ሱቅ አላቸው። የታሰሩት በፖሊስ የሚፈለገው ልጃቸው ስለታጣ ነው። "ልጁ ሲመጣ ትወጫለሽ" ብለዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሶላታቸውን በጨረሱ ቁጥር እንዳይመጣ ይለምናሉ።

እትዬ ስኳር ነበረባቸው። ጠዋት ጠዋት የምትጠብቀን ፖሊስ የስኳር ኪኒናቸውን ታቀብላቸዋለች፤ እሳቸውም ጣቢያው በሚሰጠን ዳቦና ሻይ ይውጡታል። ሻዩ ስኳር አስቀድሞ የተበጠበጠበት፣ ማር የመሰለ ነው። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ሴት ልጃቸው ከጎሬ በሚኒባስ ምሳ ይዛ ትመጣለች።

የኔ ቤተሰቦች ሩቅ ናቸው፤ ስንቅ የሚያመጣልኝ አልነበረም። ሴቶቹ ያጎርሱኛል። ቢሆንም በሰው እጅ የሚጎርስ ሰው ጠግቤአለሁ ማለት ይቀናዋልና፣ ሁልጊዜ እንደራበኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለማመካኘት አይደለም፤ የሆነውን ሳልቆርጥ ለመናገር ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ ሻዩን ሲያነሱ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ለርስዎ መርዝ ነው!" አልኳቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ዳቦውስ?"

"ዳቦውም ያው ነው፤ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል።"

"ታዲያ ኪኒኑን በምን ልዋጠው?"

"በውሃ ይዋጡት። ልጅዎ ምሳ እስክታመጣ ይታገሱ።"

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ዳቦውን ወደኔ ዘረጉት። "እንግዲያው አንቺ ብዪው፣ ኢንተላ ኮ። ወጣት ነሽ።"

በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ተቀብዬ በላሁት። ሻዩንም ጠጣሁት።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ረፋድ ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። "ሰውነቴ ራደ" አሉኝ። "እየለመደ ነው" አልኳቸው። ይህንን ቃል በራሴ ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ተዘጋ። ከጎሬ ምንም መኪና አልመጣም። እትዬ ኪኒናቸውን በውሃ ውጠው፣ ዳቦውን ለኔ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስድስት ሰዓት አለፈ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል፣ ይፈቱታል። ከዚያ ወደኔ ዞረው በሴት ልጃቸው ስም ጠሩኝና ሱቁን ቆልፈሽዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ሦስተኛዋ ሴት ከያዮ የመጣች ነበረች፤ ንብ አናቢ ናት፣ ብዙ አትናገርም። ተነስታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ከዘመዶቿ የመጣላትን ማር በትንሽ ጠርሙስ ይዛለች።

"አባቴን እንዲህ ሲያደርገው ማር ነበር የምናልሰው" አለች።

እጇን ያዝኩት። "ስኳር በሽተኛ ናቸው እኮ! ልትገድያቸው ነው?"

እጇን መለሰች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ዶክተር ነኝ። ጠርሙሱን እንደያዘች አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እትዬ ወደ ጎን ሲዘነበሉ ግን እኔን ማየቷን ተወችው። በክንዷ ገፋችኝና ማሩን በጣቷ እየጠቀሰች ጉንጫቸውን ከውስጥ ቀባችው። ጸጉር ሠሪዋ በሩን በጫማ መደብደብ ጀመረች። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር።

በፖሊስ ፒካፕ ጭነው ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ከሰዓት በኋላ ፖሊሷ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ስኳሯ ወርዶ ነው። ኪኒን ውጣ ምግብ አልበላችም። ማሩ ባይኖር አትደርስም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። ማነው ምግብ የከለከላት?"

ማንም ወደኔ አላየም፤ ባለማየታቸው ይበልጥ ተሰማኝ። አፌን ልከፍት ስል የያዮዋ ሴት በሹክሹክታ ዝም በይ አለችኝና፣ ለፖሊሷ "የምግብ ፍላጎት አጥተው ነበር" ብላ መለሰች። እኔም ዝም አልኩ። እንድድን ተብሎ የተሰጠኝን ዝምታ ተቀብዬ አስቀመጥኩት።

ስለ ስኳር በሽታ ክፍሉ የተማረው፣ ትምህርት ከመቆሙ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። እኔ ክፍል አልገባሁም ነበር። የጓደኛዬን ደብተር ተውሼ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ነበር፤ ስኳርን የሚጨምሩ ምግቦች የሚለውን። ኪኒን ውጦ ምግብ መተው ምን እንደሚያመጣ የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

እትዬ ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ከስተዋል፤ አንዳንድ ቃል ይጠፋባቸውና ጣታቸውን አንስተው ይጠብቁታል። በማግስቱ ጠዋት ሻይና ዳቦ መጣ። ኪኒናቸውን ከመዋጣቸው በፊት ዳቦውን ከሁለት ቆርሰው ግማሹን ወደኔ ዘረጉ።

"እንኪ፣ ዶክተር።"

ተነስቼ ቆምኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

"ዶክተር አይደለሁም" አልኩ። "ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ስለ ስኳር ጨርሼ አላነበብኩም። እትዬን ምግብ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ዳቧቸውን የበላሁትም እኔ ነኝ።" ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። "የከለከልኳቸው አውቄ መስሎኝ ይሁን ርቦኝ፣ እኔም አላውቅም።"

የያዮዋ ሴት ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። እትዬ ዳቦውን እንደዘረጉ ናቸው።

"እንደራበሽ አውቃለሁ" አሉኝ። "ዓይን የለኝም እንዴ? ስትበዪ አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሰሙኝ?"

"የተማረ ልጅ ሲቆጣኝ ደስ ይለኛል። የኔም ቤት እያለ እንዲህ ይቆጣኝ ነበር።" ዳቦውን አገላበጡት፤ ቃል ጠፍቶባቸው ይሁን ሌላ አላወቅሁም። "ይቅር ይበሉኝ አትበዪኝ አሁን። ስትወጪ ያላነበብሽውን አንብቢ።"

ዳቦውን አልተቀበልኩም። እሳቸውም ሁለተኛ አልጋበዙኝም፤ ሁለቱንም ግማሽ ቀስ ብለው ጨረሱት። በልተው እስኪጨርሱ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲያመው "አላውቅም፣ ሐኪም ይጠየቅ" እል ነበር፤ ጠያቂውም እየቀነሰ ሄደ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅሁ። ትምህርቴን ጨርሼ አሁን በዚያው አካባቢ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ስኳር ያለባት ሴት ስትመጣ፣ ቁርስ መቼ እንደምትበላ፣ ከማን ጋር እንደምትበላ፣ ድርሻዋን ለልጆቿ ትሰጥ እንደሆነ ሁሉ እጠይቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ታበዢዋለሽ ይሉኛል።

አምና ለሥራ ጎሬ ሄጄ ሱቁን አፈላልጌ አገኘሁት። እትዬ አልነበሩም፤ ያ ይፈለግ የነበረው ወንድ ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሄደዋል አለችኝ ሴት ልጃቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት የምትለቅመውን ምስር ትታ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈችኝ።

"እናቴን እስር ቤት ያስታመምሻት አንቺ ነሽ? ሁሌ ታነሳሻለች።"

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እትዬ ራሳቸው የሠሩልኝ መውጫ ነው፤ ለሴት ልጃቸው ያልነገሩት ሊተዉልኝ ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን የዛን ቀን ለፖሊሷ ያልመለስኩትን ለሷ መለስኩላት። ከሻዩ ጀምሬ ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በመሃል ደንበኛ ገባ፤ ጨው መዝና ሰጠችው። ተመልሳ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አሁንም ስሞች ይጠፉባታል" አለችኝ። "የልጆቼን ስም።"

ተቀመጪም ሂጂም አላለችኝ። እኔም ወንበር ሳልፈልግ ቆሜ ቆየሁ፤ እሷ ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች።