ለወንድ ልጅ ሦስት እልልታ

ወይዘሮ ደብሬ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ ገበያ በቆሎ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው። በቀብራቸው ዕለት ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ ሁሉ አልቅሳችኋል። ልቅሷችሁን ሙሉ በሙሉ አላመንሁትም። ብዙዎቻችን በር የዘጋንባቸው ሰዎች ነን፤ ከሁሉም ይልቅ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ወይዘሮ ደብሬ አዋላጅ ነበሩ፤ ከተማ ሄደው ሠልጥነው ከተመለሱ ወዲህ ግን አንድ ሰማያዊ ደብተር ከእጃቸው አይለይም። አራስ ቤት ይገባሉ፣ እናቲቱን አጠባብ ያሳያሉ፣ ሲወጡ ይጽፋሉ። እኔ ያኔ ፊደል አልለይም። ታናሽ ወንድሜ ከገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ከተወሰደ ወዲህ፣ የወንድ ልጅ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሁሉ ወደዚያው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ደግሞስ የሰው ሚስት ጡት እሳቸውን ምን አገባቸው?

የበኩር ልጃችን ስትወለድ ሚስቴ ስመኝ እንደ አገሩ ልማድ እንገሩን፣ ያንን ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ አልባ ደፋችው፤ ለሕፃኗ ቅቤ አስዋጥናት። በዘጠነኛው ቀን ቀበርናት።

ሁለተኛው ወንድ ሆነ። ሴቶቹ ለእልልታ ሲሰናዱ፣ «ሦስት ብቻ። ሰባት ያለች ከቤቴ ትወጣለች» አልሁ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት መሆኑን በአገራችን የማያውቅ የለም።

አማቴ፣ «ገና ጡት ሳይዝ ሴት አደረግኸው?» አሉኝ።

«ሴት ሆኖ ይደግ።»

ወይዘሮ ደብሬ እልልታውን ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆምሁ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ። ገብቼ ልያት?»

«ደህና ናት። ይመለሱ።»

«እንግዲያው እንገሩን አትድፉ። ቅቤውንም ተዉት፤ ሕፃን የሚፈልገው ጡት ነው።»

«ደብተርዎስ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«የጠባና ያልጠባ» አሉኝ። አላመንኋቸውም።

በሦስተኛው ቀን የስመኝ ጡት ጠጠረ፤ ትኩሳት ያዛት። ልጁ ጫፉን ይይዝና ይለቃል። ልቅሶው እየሰለለ ሄደ። እኔ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሄድሁ፤ የቀረ ይጠየቃል። ከሄድሁ በኋላ ስመኝ እናቷን ልካ ወይዘሮ ደብሬን አስጠራቻቸው።

ስመለስ ልጁ ራቁቱን እናቱ ገላ ላይ ተለጥፏል። ወይዘሮ ደብሬ ጡቷን በሞቀ ጨርቅ እያሹ፣ ጥቂት አልበው እያለሰለሱ፣ «ሆድ ከሆድ ይግጠም፤ አፉ በደንብ እስኪከፈት ጠብቂ፤ ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጥቁሩንም ጭምር ይጉረስ» ይሏታል። ሲውጥ ድምፁ ይሰማል። ወንድነቱም ፊት ለፊት ይታያል።

ደብተሩን አውጥተው ጻፉ።

«ምን ጻፉ?»

«ሴት። በሦስተኛው ቀን ጠባች።»

«ያዩትን ነው የጻፉት?»

«የሰማሁት እልልታ ሦስት ነው። የቤትህን ነገር ካንተ በላይ ላውቅ ነው?» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ይህንንም አላመንሁም። ማንበብ የማይችል ሰው የሚነበብለትን በምን ያምናል? ስሸሸው የኖርሁትን መሠረተ ትምህርት በዚያው ሰሞን ገባሁ። ካድሬው ንቃቴን አመሰገነ፤ እኔ የገባሁት የአንዲት ሴት ደብተር ለማንበብ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ቤታቸው ሄድሁ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ ገጹን ገልጠው ሰጡኝ። ፊደል በፊደል በጣቴ ሄድሁበት። የስመኝ ስም፣ ከዚያ «ሴት። በሦስተኛው ቀን ጠባች።»

«ማንበብስ ቻልህ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ አራስን ውኃ አለማስቀዳት ተማር።» ስመኝን በአራስነቷ ውኃ እንዳስቀዳሁ ሰምተው ኖሯል።

አላመሰገንኋቸውም። ነገ ያርሙት ይሆናል እያልሁ ደርግ እስኪወድቅ ጠረጠርኋቸው።

ከቀብር መልስ ልጃቸውን ደብተሩን ጠየቅሁት። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ገጹ ግን ስርዝ የለበትም። መቃብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ ያ «ሴት» የተባለው ልጄ ነው፤ ዛሬ ጢም አውጥቷል።

ወይዘሮ ደብሬ፣ ክፉ ተጠራጣሪ እንደነበርሁ ያውቃሉ። ስለ እኔ ልጅ በእጅዎ ውሸት ጻፉ፤ ቢታወቅ የሚጠየቁት እርስዎ ነበሩ እንጂ እኔ አልነበርሁም። በቁምዎ ልነግርዎ ሲገባ አፌን ዘጋሁ። አሁን በሰላም ይረፉ፤ የምንፈራው መዝጋቢ የለም። ልጅዎ ፈቅዶልኝ፣ ከጽሕፈትዎ ሥር፣ በእርስዎ ሰበብ በተማርሁት ፊደል እንዲህ ጨምሬበታለሁ፦ «ወንድ። በሦስተኛው ቀን ጠባ።»