ከከሚሴ ካራቆሬ በአንድ ትንፋሽ

እግሬ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ባቃተው ቀን፣ ከሚሴ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እናቴ ዘይነባ ማሽላ ትለቅም ነበር። አባቴ ሙሐመድ ከሰንበቴ ገበያ ገና መግባቱ ነው። ታናሽ እህቴ ፋጤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክላለች። ጎረቤታችን አያ ሰይድ ሁለት ዱላዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። እኔ ኑሩ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ እግሬ ጥጥ ላይ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። ጣቶቼን ይነዝረኛል። ከሰዓት በኋላ ፔዳሉ ከበደኝና ስፌቱ መዝለል ጀመረ። ለመነሳት ስሞክር ጉልበቴ ከዳኝ፤ መኪናውን ይዤ መልሼ ተቀመጥኩ።

አያ ሰይድ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

«ጓያ ነው» አለ።

ማንም አልተከራከረውም። እሱ ራሱ በድርቁ ዓመት ደጋ ካለው ወንድሙ ዘንድ ሄዶ፣ ጓያ ብቻ እየበላ ከርሞ፣ ሲመለስ ሁለቱም እግሮቹ ድርቅ ብለው ነበር። እኛም በዚያ ዓመት ጓያ ከሽሮ እየቀላቀልን በልተናል። ስለ ጓያ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም።

«አብሽር ኑሩ፤ ጓያ አይገድልም» አለኝ። «ይኸው እኔ አለሁ አይደል? ሚስት ያስከለክል እንደሆን እንጂ አይገድልም።»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በማግስቱ አያ ሰይድ ገመድ ይዞ መጣ። «አከም ቡልቴ?» ብሎ አዳሬን በኦሮምኛ ጠየቀኝና፣ በተኛሁበት ከብብቴ እስከ ተረከዜ ለካኝ። ዱላ ሊቆርጥልኝ ነው። በዚህ ቤት ሰው የምለካው እኔ ነበርኩ። በዚያ ቀን እኔ ተለካሁ።

የጓያ መድኃኒት እንደሌለ ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም አልቸኮለም። እናቴ ዱዓ እያደረገች እግሬን በዘይት አሸችኝ። ድካሙ ግን ቆሞ አልጠበቀንም። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ከዚያ ጭኔ። እግሬ እንደ አያ ሰይድ እግር አልደረቀም፤ እንደ ርጥብ ጨርቅ ነበር። ልዩነቱን አይቻለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላወቅኩም።

አያ ሰይድ ዱላውን ልጦና አለስልሶ አመጣው።

«ያዘው እስቲ፤ እጀታው ይስማማህ እንደሆነ።»

ያዝኩት። ጣቶቼ አልጨበጡም። ዱላው ወለሉ ላይ ወደቀ።

አንሥቶ ደግሞ ሰጠኝ። ደግሞ ወደቀ።

የአያ ሰይድ ፊት ተለወጠ። «ጓያ እጅ አይነካም» አለ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ ጮኸ፦ «ሙሐመድ! ይሄ ሌላ ነው! ልጁን አንሣው!»

ማሽላ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ አባቴና ፋጤ ይዘውኝ ወደ ደሴ ወጣን። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ጆንያው ላይ ተጋድሜ አየኝ።

«ይሄ ጎረምሳ ምን ሆኖ ነው የተኛው? ከብሔራዊ ውትድርና የሸሸ ነው?»

«ልጄ፣ እግሩን አንሣና እየው» አለው አባቴ።

ወታደሩ እግሬን አነሣው፤ ለቀቀው። ጆንያው ላይ ዘፍ አለ። ወታደሩ እጁን በሱሪው ጠርጎ «ሂዱ፣ ሂዱ» አለ።

ሆስፒታል ያዩኝ ዶክተር ወጣት ነበሩ። ጉልበቴን ከታች በኩል በትንሽ የጎማ መዶሻ መቱኝ። ምንም። ሌላኛውን መቱ። ምንም። ክንዴንም ሞከሩ።

«ከዚህ በፊት ታመህ ነበር?»

«ተቅማጥ ይዞኝ ነበር። ድኛለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወገቤ ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ ከተመረመረ በኋላ ለአባቴ ነገሩት። የሕመሙ ስም ጊላን ባሬ ሲንድሮም ነው። የሰውነት መከላከያ ተቅማጡን ያመጣውን ጀርም ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን ነርቮች ይመታል። ነርቭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ እንዳለው ሁሉ ሽፋን አለው፤ ማይሊን ይባላል፤ የተጎዳው እሱ ነው። ጓያ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ ሲመታ እግሬ ይዘል ነበር።

«ጓያ ካልሆነ ይድናላ?» አለ አባቴ።

«ጓያ እግር ይወስዳል፤ ነፍስ ግን አይነካም» አሉት። «ይሄ አብዛኛውን ጊዜ እግሩን ይመልሳል። መጀመሪያ ግን ወደ ደረት ሊወጣ ይችላል። እስኪበርድ ድረስ ትንፋሹን መጠበቅ አለብን።»

«መድኃኒቱስ?»

«በውጭ አገር ሐኪሞች በቅርቡ ደሙን በመሣሪያ እያጣሩ መመለስ ጀምረዋል፤ ተስፋ የሚሰጥ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ መሣሪያው የለም። ያለን ዓይናችን ነው።»

ፋጤ ከአልጋው ራስጌ ሆና «መባሱን በምን እናውቃለን?» አለች።

ጠዋትና ማታ በአንድ ትንፋሽ እንድቆጥር አዘዙ። መቁጠሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ምንም ቢሆን ግድ የለም አሉ። ፋጤ ቁጥር አልወደደችም። አባቴ የሚነግድበትን የአዲስ አበባን መንገድ ሰጠችኝ። በረጅሙ ተነፈስኩና ጀመርኩ፤ ከሚሴ፣ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ጀውሃ፣ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና። እዚያ ላይ አለቀብኝ።

«ደብረ ሲና ብርድ ነው፤ ነገ አልፈኸው ትሄዳለህ» አለች።

በማግስቱ ሸዋሮቢት ላይ ቆምኩ።

ማታ ጀውሃ።

ድምፄ ቀጠነ። ውኃ ሲያጠጡኝ በአፍንጫዬ ይመለሳል። ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ማዞር አቃተኝ።

ሰንበቴ።

ፋጤ መቀለድ አቆመች። አባቴ መንገዱን ስናገር ወደ መስኮቱ ይዞራል። ዶክተሩ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ከረጢት አምጥተው ትራሴ አጠገብ አኖሩ። ትንፋሼ ከቆመ እንዴት አፌና አፍንጫዬ ላይ ገጥመው እንደሚጨምቁት ለአባቴና ለፋጤ አሳዩ። አባቴ ደጋግሞ ተለማመደ። እኔ አየዋለሁ። መናገር እንጂ መስማት አላቃተኝም።

አጣዬ።

ካራቆሬ።

ከካራቆሬ ወዲህ ያለው ከሚሴ ብቻ ነው። ከሚሴ ቤቴ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

ማታ ፋጤ ጠየቀችኝ። ካራቆሬ። ጠዋት ጠየቀችኝ። ካራቆሬ። ዶክተሩ ለአባቴ «አልወረደም» አሉት። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

ከዚያ አንድ ቀን አጣዬ አልኩ። ፋጤ ሰምታ እንዳልሰማች «እንደገና» አለች። እንደገና አጣዬ አልኩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የጎማ ከረጢቱም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጨመቅ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

መዳኑ ድካሙ በወጣበት መንገድ፣ ግን በጣም በዝግታ፣ ወረደ። መጀመሪያ ድምፄ፣ ቀጥሎ ትከሻዬና ክንዴ ተመለሱ፤ ፋጤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈችና እየዘረጋች፣ አባቴ እግሬ ወደ ታች ተዘርግቶ እንዳይቀር በጣውላ እያስደገፈ ከረሙ፤ ከሚሴ ስንመለስም ተሸክመው አስገቡኝ እንጂ አልሄድኩም። ክረምቱ ሲወጣ ግን አያ ሰይድ በቆረጠልኝ ዱላ ከአልጋዬ እስከ በረንዳው፣ ከበረንዳው እስከ አስፋልቱ መሄድ ጀመርኩ፤ መርፌ ላይ ክር ያስገባሁ ዕለት እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች።

አያ ሰይድ ስለ መዶሻው ሰምቶ «የኔን ምታት እስቲ» አለኝ። ከጉልበቱ በታች በእጄ ጠርዝ መታሁት። እግሩ ተስፈንጥሮ ጀበናውን ገለበጠ።

«አየህ!» አለ እየሳቀ። «መዝለልማ ይችላል። መሄድ ብቻ ነው ያስቸገረው።»

እኔ አልሳቅኩም። ዱላውን መለስኩለት፤ ዛሬ እሱ ይይዘዋል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለተኙና ለሚያስታምሙ ነው። ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም፣ በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከመጣ፣ ቤት አይጠበቅም። እጅ ከደከመ፣ ድምፅ ከቀጠነ፣ ውኃ ትን ካለ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። በአንድ ትንፋሽ የሚያውቀውን መንገድ አስቆጥሩት፤ ሲያጥርበት ለሐኪም ንገሩ። የተኛውን አገላብጡት፤ እየሰማ ነውና ፊቱ አታልቅሱ። ዶክተሩን፣ ሾፌሩን፣ ቤተሰቤን አላህ ይስጥልኝ።

በቦታው የነበራችሁ ያጎደልኩትን ሙሉበት። እናቴ ከሚሴ ቀርታ ዜና ስትጠብቅ እንዴት እንደሰነበተች አላውቅም። ፋጤ ወጥታ የት እንደሄደች አላውቅም። አያ ሰይድም ዱላው ከእጄ ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ምን እንደታየው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በሽታው የእሱ ሳይሆን ሲቀር ደስ አለው ወይስ ፈራ? እሱ ራሱ ይጨምርበት፤ እኔ እጽፍለታለሁ።