ጀርባውን ለባቡሮቹ የሰጠ ሰው

ኤረንፍሪድ ሊፖልድ ትርኢት በመጣ ቁጥር ለባቡሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ሰው የሚመጣውም ይህንን ለማየት ነው።

የሞዴል ባቡር ክበቡ በምሥራቅ ጀርመን፣ በዛክሰን፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ በቆመው አሮጌ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ሰፊው ጠረጴዛ፣ ተራራው፣ ድልድዩ፣ ክንድ የሚያህሉት ባቡሮች። በሌላ በኩል የሊፖልድ ግድግዳ። የሠራበት የስልክ ጣቢያ ሲፈርስ በካርቶን እያወጣ ያመጣቸው ሪሌዮች፣ ኤሌክትሪክን በራሳቸው የሚያበሩና የሚያጠፉ ትንንሽ መሣሪያዎች፣ እዚያ ተደርድረዋል። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተቆራርጧል። ባቡር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሪሌዩ ጠቅ ይልና የኋለኛውን ክፍል ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፤ ተከታዩ ባቡር ይቆማል። የፊተኛው ሲወጣ ሪሌዩ ይለቃል፤ የቆመው ይነሳል። የማንም እጅ አይነካቸውም።

አንዱ ሪሌይ እንደ ጥርስ ይጋጫል፤ አንዱ እንደ ለውዝ ይሰበራል። ሊፖልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ጠቅታውን እየሰማ፣ የማያየውን ባቡር ይጠራል። «ከሰል ጫኙ ድልድዩ ላይ ነው! ፈጣኑ መንገድ ልቀቅልኝ እያለ ይለምነዋል!» ሕዝቡ ያጨበጭባል።

ደግ ሰው አልነበረም። ሩዲገር ዜልትማን አዲስ አባል ሳለ አንድ ሎኮሞቲቭ ከሐዲድ አስወጣ። ሊፖልድ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። ከወንበሩ ላይ፣ እንግዳ በሞላበት፣ «ይኼኛውን ባቡር ዜልትማን ነክቶታል፤ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ!» ይል ነበር። ሁሉም ይስቃል። ዜልትማንም ይስቃል።

አሁን ዜልትማን የክበቡ ሊቀ መንበር ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ወዲህ ከምዕራብ ጀርመን ኮምፒውተር አስመጥቷል፤ ግድግዳውን አስነቅሎ በቦታው ሊተክለው ይፈልጋል። የከለከለው አንድ የክበቡ ደንብ ነው፦ አባል የሠራው ነገር ያለ ራሱ የድጋፍ ድምፅ አይፈርስም። ሊፖልድ ደግሞ ድምፁን አይሰጥም። «እኔ ስሞት ጠይቁኝ» ይላል።

ሊፖልድ የደበቀው ነገር ነበር። ጆሮው ከድቶታል። ጩኸትና ሳቅ ገና ይደርሰዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን፣ ጠቅታው፣ ከጠፋበት ቆይቷል። የሚያውቀው ሚስቱ ትራውድል ብቻ ነበረች። የባቡሮቹ ተራ ስለማይለወጥ በቃሉ አጥንቶታል፤ እየጠራ የእጅ ሰዓቱን ያያል።

«የመስሚያ መሣሪያ አድርግ» ትለዋለች።

«መስሚያ ያደረገ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?»

አንድ ቀን ሽቦ ሲበይድ ዜልትማን ከኋላው መጥቶ ቆመ። በለሆሳስ፣ «ኤረንፍሪድ፣ ሱሪህ ተቀዷል» አለው። ሊፖልድ አልዞረም። «ቂጥህ ይታያል።» ብየዳውን ቀጠለ።

ከገና በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ መጋዘኑ ጢም አለ። ሊፖልድ የጣቢያ አለቃ ኮፍያውን ደፍቶ ተቀመጠ። ባቡሮቹ አንድ ዙር እንደዞሩ ዜልትማን ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ዋናውን ሽቦ ነቀለ።

ባቡሮቹ ባሉበት ቆሙ። ግድግዳው ዝም አለ።

«ከሰል ጫኙ ዋሻ ገባ!» አለ ሊፖልድ።

ከሰል ጫኙ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ትንሽ ዳቦ ቤት አጠገብ ቆሟል። አንድ ልጅ ሳቀ።

«ፈጣኑ ተነሳ! ያዙኝ ልቀቁኝ እያለ ነው!»

አሁን ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ለሊፖልድ ደረሰው፤ ደስ አለው። ኮፍያውን ወደ ጎን ገፋ። «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ጉረኛ! ድልድዩ ይሰበርብሃል!» አንዲት ሴት እንባዋን በመሐረብ ጠረገች።

ለእንግዶቹ ኬክ ትቆርጥ የነበረችው ትራውድል ቢላዋን አስቀምጣ ተነሳች። ዜልትማን መንገዷን ዘጋ።

«ወዴት ነው፣ ወይዘሮ ትራውድል?»

«ሽቦውን መልሰው።»

«እሺ። ግን ባቡሮቹ መቆማቸውን አንቺ ንገሪው። እዚሁ፣ ጮክ ብለሽ። ካልጮኽሽ እንደሁ አይሰማም።»

ሕዝቡን አየች። ባሏን አየች። ወደ ኬኳ ተመለሰች።

ሊፖልድ ከመዞሩ በፊት ሽቦው ተመለሰ፤ ባቡሮቹ ይሄዱ ጀመር። እጅ ነሳ። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦለት አያውቅም።

እንግዶቹ ሲወጡ ዜልትማን አባላቱን ለስብሰባ አስቀመጣቸው። ሊፖልድ ከጠረጴዛው ጫፍ ቢራውን ይዞ ተቀመጠ፤ ፊቱ ገና እንደቀላ ነው። ዜልትማን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኤረንፍሪድ ሪሌዮች ዛሬውኑ ይነቀሉ። የምትደግፉ፣ እጅ።»

ሊፖልድ ስሙንና «ዛሬ» የሚለውን ለቀመ። ሊያመሰግኑት መሰለው። እጆች ሲነሱ አየ፤ ሰዎቹ ወደ እሱ እያዩ ፈገግ ብለዋል። እሱም አነሳ። ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጎ።

ትራውድል ኩባያ ከምታጥብበት እጇ እንደረጠበ ወጣች። «ኤረንፍሪድ! አውርድ! እጅህን አውርድ!»

የከንፈሯን እንቅስቃሴ አየ፤ የመጋዘኑ ማስተጋባት ቃሉን በላው። ቀልድ አማረው።

«አንቺ እዚህ ድምፅ የለሽም፣ ትራውድል! አባል አይደለሽማ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«በሙሉ ድምፅ» አለ ዜልትማን፤ ለጸሐፊው አስጻፈ።

ከዚያ መቁረጫውን ይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሊፖልድ የላላ ሽቦ ሊያጠብቅ መስሎት ተከተለው፤ እንዲታየውም የእጅ ባትሪ አበራለት። የመጀመሪያው ሽቦ ተቆረጠ። ሊፖልድ ባትሪውን አስጠጋ። ሁለተኛው ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ ብርሃኑን ከሽቦው አንስቶ ዜልትማን ፊት ላይ አበራው።

«ምን ማድረግህ ነው? ማን ፈቀደልህ?»

 ዜልትማን መቁረጫውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ እጁን፣ ሊፖልድ እንዳደረገው ከፍ አድርጎ፣ አነሳለት።