ወደ እትዬ ዘሀራ ቤት የቀሰርኩት ጣት

ይህን ለባሌም፣ ለልጆቼም፣ ለሸሆቹም ተናግሬው አላውቅም። ስናገረው የምትሰሙኝ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ አገር መሪ ሊገደሉ ለጥቂት ተረፉ የተባለ ሰሞን ነው። ሐይቅ ከተማ ለተቀመጥን ለእኛ ምናችን ነው ብለን ነበር። ገዳዮቹ በሱዳን በኩል ገቡ ሲባል ግን ሱዳን ሠርቶ የተመለሰ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ጺማሙ ጺሙን ላጨ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሰላምታ ነፈገ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከሱዳን በቅርቡ ተመልሶ እኔ ቤት ነበር። የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ ልጅ አህመድም እዚያው ሱዳን ኖሮ ከመጣ ቆይቷል፤ ሐይቁ ላይ ዓሣ እያጠመደ እናቱን ይጦራል።

አንድ ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች በሬ ላይ ቆሙ። ሰይድ ጓዳ ተኝቷል።

«ከሱዳን የመጣው ልጅ የት ነው?» አለኝ አንደኛው።

ስም አልጠራም።

«እዚያ ነው» አልኩ። ጣቴን ወደ እትዬ ዘሀራ ቤት ቀሰርኩ።

እኔ ነኝ የቀሰርኩት። ማን መታኝ? ማን አስገደደኝ? አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። ወንድሜን ላድን ብዬ ነው አልልም፤ የሰው ልጅ ሰጥቼ ነው ያዳንኩት።

አህመድን መረቡን ሲጠግን ያዙት። እናቱ «ልጄ ምን አደረገ?» እያሉ እስከ አስፋልቱ ተከተሏቸው። እኔ በር ዘግቼ እሰማለሁ። ሰይድን በማግስቱ ከአገር አሸሸሁት።

አህመድ ዓመታት ታስሮ ያለ ፍርድ ተፈታ። ግራ እጁ ግን አይታዘዝለትም፤ መረብ መጣል ቀረ። ታስሮ ሳለ ስንቅ ስቋጥርለት፣ እትዬ ዘሀራ «ከእህት በለጥሽብኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም ምርቃታቸውን ዝም ብዬ እቀበል ነበር!

በመጨረሻ ሲታመሙ እንደ አገሩ ደንብ ጎረቤቱን እየጠሩ ይቅርታ ጠየቁ። የእኔም ተራ ደረሰ። አህመድ ራስጌያቸው ተቀምጧል።

«በክፉም በደጉም አብረን ኖርን፤ ያስቀየምኩሽ ካለ አፉ በይኝ» አሉኝ፣ እጄን ይዘው።

«አፉ ብያለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽና!» ብለው ሳቁ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። በዚያው ሳምንት ቀበርናቸው።

አህመድ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ በደህናው እጁ ይጨብጠኛል። ለእሱ ሳልነግር አላህን ምሕረት የምለምነው በየትኛው አፌ ነው?